ከሩፈስ ብራግ መንገድ በታች

«ያንን በር ዝጊው አልኩሽ!» አለች አክስቷ ማቪስ፣ በሁለት እጇ የያዘችውን የማካሮኒ ትሪ የምታሳርፍበት ቦታ እያጣች። «ሰው እየመጣ ነው። ፓስተሩ ራሱ ሊመጣ ነው። ‘የብራጎች ቤት ይሸታል’ እንዲባል ነው የምትፈልጊው?»

ዋኒታ ወደ ምድር ቤት የሚያወርደውን በር አልዘጋችውም። እንዲያውም አንድ ወንበር ጎትታ አመጣችና ተመልሶ እንዳይዘጋ አስደገፈችው።

«ይሽተታቸው» አለች።

«ምን አልሽ?»

«ይሽተታቸው! አባዬ የሞተው እዚህ ሽታ ውስጥ ነው። የአበባ ሽቶ ውስጥ አይደለም።»

ሎረል ጎዳና ላይ ተወልዶ ያደገ ሰው ያንን ሽታ ዓይኑን ጨፍኖ ይለየዋል። ፍሳሽ አለበት፣ የራሰ ምንጣፍ አለበት፣ የሻገተ እንጨት አለበት፣ በላዩ ላይ ደግሞ በረኪና። እሑድ ረፋድ ላይ የጣለው ዝናብ አርባ ደቂቃ እንኳ አልቆየም። ሐይቁ ዳር ባሉት የመስታወት ፎቆች ሥር ውሻቸውን የሚያናፍሱት ሰዎች ጃንጥላቸውን አጥፈው መንገዳቸውን ቀጠሉ። እዚህ ደቡቡ ሰፈር ግን ውሃው የመጣው ከላይ ሳይሆን ከታች ነበር። በየምድር ቤቱ ወለል ላይ ባለችው የፍሳሽ ቀዳዳ እየተንደቀደቀ ወጣና ልብስ ማጠቢያውንም፣ ማሞቂያውንም፣ የሠርግ ፎቶውንም አዳረሰ። ሩፈስ ብራግ የሰማንያ አንድ ዓመት ሰው ነበር። የራሱን ቤት ትቶ የጎረቤቱን የሚስ ኦፓልን ውሃ በባልዲ ሲያወጣ፣ አሥራ አንደኛው ባልዲ ላይ ደረጃው መሐል ቁጭ አለ። «ትንሽ ልረፍ» አላት። በዚያው አረፈ።

ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ቀብሩ ቅዳሜ። ከሰኞ ጀምሮ ቤቱ ሰው ገብቶ ሰው ይወጣበታል። የተጠበሰ ዶሮው፣ በጭስ ከደረቀ ሥጋ ጋር የተቀቀለው ጎመን፣ የስኳር ድንች ኬኩ፣ ሁሉም በፎይል ተሸፍኖ፣ ከትሪው ሥር የባለቤቱ ስም በፕላስተር ተለጥፎበት፣ ማድቤቱን ሞልቶ ሳሎን ደርሷል። ለቀስተኛው ደግሞ ሳሎን ለመግባት ግዴታ በዚያ በተከፈተ በር ፊት ማለፍ አለበት።

መጀመሪያ የመጡት ሁለት የመዘምራን ሴቶች አፍንጫቸውን በመሐረብ ያዙ። ከዚያ አንደኛዋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «የኛም እኮ እንዲሁ ነው» አለች።

«የናንተም?» አለች ሁለተኛዋ። «እኔ እኮ የኔ ብቻ መስሎኝ! ለልጄ እንኳ አልነገርኳትም። አፍሬ።»

«እኔ ለአራት ዓመት እንግዳ ቤቴ አላስገባሁም።»

ማቪስ ይህን እየሰማች ማካሮኒዋን እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ሚስ ኦፓል ደረሰች። ሰማንያ አራት ዓመቷ ነው፤ በቤተ ክርስቲያኑ ኦርጋን ላይ ከተቀመጠች ሃምሳ ዓመት አልፏታል። ጫማዋ እስከ አሁን አልደረቀም። ዋኒታን ከእግር እስከ ራሷ አየቻትና «መጣሽ?» አለቻት። «መቼም አንቺ ደረቅ ሰፈር ነሽ። መድኃኒት ቤትሽ ደህና? የግቢሽ ሣር ደህና?»

«ደህና ነው ሚስ ኦፓል። ይቀመጡ።»

«አልቀመጥም። ‘ያንተ ቤት እየሞላ ነው ሩፈስ፣ ተወው የኔን’ ብዬዋለሁ። ስንት ጊዜ! ምን አለኝ መሰለሽ? ‘የኔ ውሃ ይጠብቀኛል’ አለኝ።» ጫማዋን ቁልቁል አየች። «እስኪ አሁን ውሃ ሰው ይጠብቃል?»

ዋኒታ አቀፈቻት። አባቷ ስለ ውሃ ሲያወራ እንደ ሰው አድርጎ ነበር የሚያወራው። ሠላሳ ሰባት ዓመት የከተማው የፍሳሽ መስመር ሠራተኛ ነበር፤ ኋላም የቡድን አለቃ። ሕፃን ሳለች እጇን ይዞ በእግር ሲያንሸራሽራት በፍሳሽ ጉድጓዱ፣ በማንሆሉ ክዳን ላይ ይቆምና «ስሚ» ይላታል። ጆሮዋን አዘንብላ ትሰማለች። «አሁን የሚሄደው የነሚስ ኦፓል ነው። ይኼ ደግሞ የትምህርት ቤቱ። ውሃ ሁሉን እኩል ነው የሚያየው፣ ሰው ካልመከረው በቀር።»

ጡረታ ከወጣ በኋላ ደግሞ ማክሰኞ ማክሰኞ አንዲት ግራጫ ሙሉ ልብሱን ይለብስና አውቶቡስ ተሳፍሮ ወደ ከተማው ምክር ቤት ይሄዳል። ተራ ነዋሪ እዚያ ለመናገር የሚሰጠው ሁለት ደቂቃ ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ ሁለት ሁለት ደቂቃ ተናገረ። ሊቀመንበሮች ተቀያየሩ፣ ምንጣፉ ተቀየረ፣ ሩፈስ አልተቀየረም። ሰፈሩ «የኛ ጠበቃ» ይለው ነበር። ዋኒታም እንደዚያ ነበር የምታውቀው።

*

ሐሙስ ከሰዓት በኋላ የቀጠናው የምክር ቤት ተመራጭ ላማር ፔቲስ ከሁለት ረዳቶቹ ጋር መጣ። የተወለደው ከዚሁ ሁለት መንገድ አለፍ ብሎ ነው። እናቱ በሕይወት ሳለች፣ እሱ ገና ተማሪ ሆኖ፣ የምድር ቤታቸውን ውሃ የሚያወጣላቸው ሩፈስ ነበር። ይህን አልረሳም፤ ማቪስን ሲያቅፋት ዓይኑ እውነትም እንባ አቅርሮ ነበር። ምርጫው ስድስት ሳምንት ቀርቶታል።

«እናት ማቪስ» አለ፣ እጇን እንደያዘ። «ምክር ቤቱ ማክሰኞ በአንድ ድምፅ አጽድቆታል። ከቅዳሜ ጀምሮ ይህ ጎዳና ‘ሩፈስ ብራግ መንገድ’ ይባላል። ሰሌዳውን ቤተ ክርስቲያን ይዤ እመጣለሁ።»

ማቪስ በደረቷ ላይ እጇን ጫነች። «ጌታ ሆይ! የወንድሜ ስም! የሚሲሲፒ ጥጥ ለቃሚ ልጅ!»

ፓስተር ሆልመን ከጎኗ ሆኖ «አሜን» አለ። ቤተ ክርስቲያኑ ከጀርባው ባለው ባዶ መሬት ላይ የአረጋውያን መኖሪያ ሊሠራ አስቧል፤ የፈቃዱ ወረቀት ፔቲስ ጠረጴዛ ላይ ነው። ይህን ሁሉም ያውቃል፤ ማንም አያነሳውም።

«ቧንቧውስ?» አለች ዋኒታ።

ፔቲስ ዞር አለ። «ጥናት ላይ ነው፣ ሚስ ዋኒታ።»

«ጥናቱ ስንተኛ ክፍል ደረሰ? እኔ አሥራ ሁለተኛ ስጨርስ ነው የጀመረው።»

ከረዳቶቹ አንዱ ሳቁን በሳል ሸፈነ። ዋኒታ ወደተከፈተው በር አመለከተች። «መጡ እንግዲህ፤ አንዴ ወርደው ይዩት። እርስዎ ትልቅ ሰው ከሆኑ ወዲህ ወርደው አያውቁም።»

ፔቲስ ወደ ደረጃው ተመለከተ፣ ከዚያ ወደ ጫማው። «ሰው እየጠበቀኝ ነው» አለ። ቀጥሎም ጠጋ ብሎ፣ ሌሎቹ እንዳይሰሙት፣ «ለዚህ ቤት ፓምፕ አስገባለሁ። ትልቅ ፓምፕ። በአንድ ሳምንት ውስጥ። አንቺ ቤቱን ብትሸጪውም ብታከራዪውም ደረቅ ይሆንልሻል» አላት።

«አንቺ» መባሏን ልብ አለችው።

«ለሚስ ኦፓልስ?»

«ለሁሉም አይቻልም። ታውቂያለሽ።»

«ፓምፑ ውሃውን ወዴት ነው የሚወስደው?»

ፔቲስ የኮቱን ቁልፍ ቆለፈ።

«ልንገርዎ?» አለች። «ወደ ሚስ ኦፓል።»

*

ዓርብ ዕለት ሬሳው በቀብር አስፈጻሚው ቤት ለስንብት ተቀመጠ። ግራጫዋን ሙሉ ልብስ አልብሰውታል። ፊቱን አሳምረውታል፤ ከሁሉ በላይ ዋኒታን የረበሻት ግን እጁ ነው። ጥፍሮቹ ንጹሕ ነበሩ። በሕይወቱ ሙሉ እንደዚያ ንጹሕ ሆነው አይታቸው አታውቅም።

ሰዉ ሳሳ ሲል አንድ ረጅም ሽማግሌ ምርኩዙን እየጎተተ መጣና ሳጥኑ አጠገብ ቆመ። ቴልፎርድ ነው። ከአባቷ ጋር ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ጉድጓድ ወርደው አንድ ጉድጓድ ወጥተዋል። ዋኒታ ከልጅነቷ ጀምሮ «አጎቴ ቴል» እያለች ነው የምትጠራው።

«ሰሌዳ ሊሰቅሉለት ነው አሉ» አለ።

«አዎ።»

«አንቺ ምን ትያለሽ?»

«ቧንቧ ይሻለው ነበር እላለሁ።»

ሽማግሌው ቀስ ብሎ አግዳሚው ላይ ተቀመጠ፤ አጠገቡ ያለውን ቦታ መታ መታ አደረገላት። ተቀመጠች።

«ዋኒታ ልጄ፣ እኔም ጊዜዬ ሩቅ አይደለም። ይዤው ከምሄድ ልንገርሽ። ውሃው ለምን ወደኛ እንደሚመለስ ታውቂያለሽ?»

«ቱቦው አርጅቶ ነዋ። አባዬ ሁልጊዜ የሚለው...»

«ቱቦው ደህና ነው» አለ ቴልፎርድ። «ከሐይቁ ዳር የሚመጣው ትልቁ መስመር ከኛ መስመር ጋር የሚገናኝበት ቦታ ላይ መዝጊያ አለ። የብረት መዝጊያ። ኃይለኛ ዝናብ ሲጥል ይዘጋል። ያኔ የነሱ ውሃ ይሄዳል፣ የኛ መሄጃ ያጣል። መሄጃ ያጣ ውሃ ደግሞ ወደ ቤቱ ይመለሳል።»

ዋኒታ ወደ እሱ ዞረች። «ማን ነው የሰቀለው?»

ቴልፎርድ ወደ ሳጥኑ አየ።

«እኔና እሱ ነን።»

ከሚቀጥለው ክፍል የሰው ድምፅ ይሰማል፤ የሳህን ድምፅ ይሰማል። ሽማግሌው ቀጠለ። «ሰማንያ ሰባት ላይ ነው። የመስታወት ፎቆቹ ሊሠሩ ሲሉ። መሐንዲሱ ሥዕሉን ዘረጋልን። አባትሽ ሥዕል ማንበብ ይችላል፤ ወዲያው ነው የገባው። ‘የደቡቡ ውሃስ ወዴት ይሂድ?’ አለው። ሰውየው ሳቀ። ‘ወደ መጣበት’ አለ። ከዚያ ደግሞ ‘ሥራውን የማይፈልግ የራስ ቁሩን እዚህ አስቀምጦ መሄድ ይችላል’ አለ። ያኔ ያንቺ የኮሌጅ መግቢያ ደብዳቤ ከመጣ አንድ ሳምንቱ ነው። በደረት ኪሱ ይዞት ይዞር ነበር፤ ለሁላችንም አስነብቦናል።»

«አጎቴ ቴል...»

«ልጨርስልሽ። ብሎኑን ማንንም አላስነካም። ‘እጃችሁን አታስገቡ፣ እናንተ እዚህ አልነበራችሁም’ አለን። ብቻውን አሰረው። ብቻውን ፈረመ።»

«ለምን አልተናገረም?» ድምፅዋ ካሰበችው በላይ ጮኸ። «ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚያ ሲሄድ!»

«ሊናገር ነበራ የሚሄደው! ስለ ዝናቡ ይናገራል፣ ስለ ኦፓል ይናገራል፣ ስለ ሻጋታውና ስለ ሕፃናቱ ሳል ይናገራል። እዚያች ነገር ላይ ሲደርስ ሁለት ደቂቃው ያልቃል። ‘የሚቀጥለው ማክሰኞ፣ ቴል’ ይለኛል። እኔም ‘እሺ’ እለዋለሁ። እኔ ማን ሆኜ ልቆጣው? እኔም አፌን ለጉሜ ነው ጡረታ የወጣሁት።»

ዋኒታ ተነስታ ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ገብታ መሪውን በሁለት እጇ ጨብጣ ተቀመጠች። ያ በጋ ትዝ አላት። አባቷ ከሥራ መጥቶ በጓሮው ቧንቧ እጁን መታጠብ ጀመረ፤ ታጠበ፣ ታጠበ፣ እናቷ ወጥታ ቧንቧውን እስክትዘጋበት ድረስ። እራት አልበላም። በማግስቱ ግን መሐል ከተማ ወስዶ ቀይ ሻንጣ ገዛላት፤ ሻጩን «ልጄ ኮሌጅ ልትገባ ነው» አለው፣ ሰውየው ሳይጠይቀው። ወደ ደረቁ ሰፈር የወሰዳት መንገድ በዚያ ቱቦ ውስጥ ያለፈ ነው። አባቷ የሰፈሩ ጠበቃ ነው ስትል፣ ለካስ በራሱም ላይ የቆመ ምስክር ነበር። ምስክርነቱን ሳይሰጥ ሄደ።

ተናደደችበት። ሳጥኑን ከፍታ፣ አንገትጌውን ይዛ፣ «ለምን አልነገርከኝም!» ልትለው ቃጣት። ከዚያ ደግሞ ብቻውን ጎንበስ ብሎ ብሎን ሲያስር ታያት፤ የአርባ ሦስት ዓመት ሰው፣ በደረቱ ደብዳቤ ይዞ፤ እሷ ዛሬ ካላት ዕድሜ በአሥራ ሦስት ዓመት ያነሰ። አለቀሰች። ከሞተ ጀምሮ የመጀመሪያዋ ነበር።

*

ቅዳሜ ጠዋት ማቪስ ነጭ ባርኔጣዋን መስተዋት ፊት ስታስተካክል ዋኒታ ሁሉንም ነገረቻት። ማቪስ አላቋረጠቻትም። የባርኔጣውን መርፌ ሰክታ ስትጨርስ ብቻ ዞረች።

«ይህን ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ልትናገሪ ነው?»

«አዎ።»

«ሬሳው ፊት?»

«እሱ ፊት። ሃያ ሁለት ዓመት ሊለው ሞክሯል። እኔ ልጨርስለት።»

«ሙት ወቃሽ አትሁኚ፣ ዋኒታ! ሰው የሚቀረው ስሙ ነው። ከመቃብር በላይ የሚውል ስም ነው። እነዚህ ሰዎች ለመጀመሪያ ጊዜ የኛን ስም በአደባባይ ሊሰቅሉ ነው፤ አንቺ ታወርጂዋለሽ?»

«የምወቅሰው ሙቱን አይደለም፣ አክስቴ። ቋሚውን ነው። ስሙን ከመንገዱ በላይ ሰቅለው መዝጊያውን ከመንገዱ በታች ሊተዉት ነው። አባዬ ስንት ጊዜ ነው ያንን መዝጊያ የሚሸፍነው? በሕይወቱ ሸፈነው። በሞቱም ይሸፍን?»

ማቪስ ቦርሳዋን አነሳች። «እኔን አታይኝ ስትናገሪ» አለቻት። «አንገቴን ነው የምደፋው።»

ቤተ ክርስቲያኑ ጢም ብሎ ነበር። የታተመው መርሐ ግብር ላይ ከሩፈስ ፎቶ ሥር «አስተያየት የምትሰጡ ከሁለት ደቂቃ እንዳይበልጥ» ይላል። ዋኒታ ያንን አንብባ ሳቋ መጣ፤ እዚህም!

ፔቲስ አምስት ደቂቃ ወሰደ። ማኅተም ያለበትን ወረቀት አነበበ፤ «በመሆኑም» እያለ፣ ደግሞ «በመሆኑም» እያለ። ሩፈስ ታታሪ ነበር፣ ሩፈስ ለሰፈሩ ኖረ። ረዳቶቹ ከሰሌዳው ላይ ጨርቁን ሲገፉት ሰማያዊው ቆርቆሮ በመስኮቱ ብርሃን አብለጨለጨ። ጭብጨባው ጣሪያውን ሊነቅለው ደረሰ።

ዋኒታ ሳትጠራ ተነስታ ወጣች።

«አባቴ ቅንጣት ታህል ሐሰት አይወድም ነበር ብዬ ልጀምር ነበር» አለች። «አልችልም። ሐሰት አልተናገረም፤ ግን ዝም ብሏል። ዛሬ በየቤታችሁ ያለው ውሃ ከእርጅና አይደለም የመጣው። ከመንገዱ በታች መዝጊያ አለ። ሐይቁ ዳር ላሉት ደረቅ እንዲሆንላቸው በኛ ላይ የሚዘጋ መዝጊያ። የሰቀለው አባቴ ነው።»

ሰዉ በመርሐ ግብሩ ወረቀት ማራገቡን አቆመ።

«‘የማይፈልግ ይሂድ’ አሉት። አልሄደም፤ እኔን ማስተማር ነበረበት። የተማርኩት በናንተ ምድር ቤት ነው። ይህን ስነግራችሁ...»

ፓስተር ሆልመን ከመቀመጫው ግማሽ ተነስቶ ለኦርጋኑ ምልክት ሰጠ። እዚያ ቤት ንግግሩ የረዘመ ሰው በኦርጋን ነው የሚሸኘው፤ ቀስ ብሎ ይጀምራል፣ ከዚያ ድምፁን ይውጠዋል። ሚስ ኦፓል ምልክቱን አየች። ፓስተሩን አየች። ሁለቱን እጆቿን ከኦርጋኑ ላይ አንስታ ጭኗ ላይ አስቀመጠቻቸው፣ አጣጥፋ።

ፓስተሩ እንደገና ጠቀሳት።

«እጄ ረጥቧል» አለች ሚስ ኦፓል ጮክ ብላ። «ከእሑድ ጀምሮ አልደረቀም።»

ከኋላ አንድ ሰው «ትናገር!» አለ። ሌላው «ተዋት ትናገር!» አለ። ፓስተር ሆልመን የቆመበት ቀረ። ከቤተ ክርስቲያኑ ጀርባ ያለው ባዶ መሬት ትዝ ብሎት ይሆናል፤ ወይም የመዘምራኑ ፊት። በመጨረሻ ተቀመጠ፤ የእጅ ሰዓቱን ፈትቶ ኪሱ ውስጥ ከተተ። «በዚህ ቤት ዛሬ ሰዓት የለም» አለ። «ቀጥይ፣ እህቴ።»

«ብዙ የለኝም» አለች ዋኒታ። «እሑድ ቤቱ ውሃ የገባበት እጁን ያውጣ።»

አንድ እጅ ወጣ። ሦስት። ከዚያ ዳር እስከ ዳር፣ ጓንት ያጠለቀው፣ ቀለበት ያለው፣ የሚንቀጠቀጠው፤ ጎረቤት ጎረቤቱን ዞሮ እያየ። ለዓመታት የተደበቀ ነውር ባንዴ አደባባይ ወጣ።

ቴልፎርድ ምርኩዙን ተደግፎ ተነሳ። «እኔም እዚያ ጉድጓድ ውስጥ ነበርኩ» አለ። «ቦታውን አሳያለሁ። ዓይኔን ታስሬም ቢሆን አሳያለሁ።»

ዋኒታ ሰሌዳውን በሁለት እጇ አነሳች። ከገመተችው በላይ ቀላል ነበር። ወደ ፔቲስ ወሰደችው።

«ክቡር ተመራጭ፣ አባቴ ለዚህ ገና ነው። መዝጊያው ተፈትቶ የወጣ ለታ እርስዎ ራስዎ ይሰቅሉታል፤ እኛም እናጨበጭባለን። እስከዚያው መኪናዎ ውስጥ ያስቀምጡልን። መቼም ደረቅ ቦታ ነው።»

ሳቁና «አሜን»ው ተደባለቀ። ፔቲስ ሰሌዳውን ተቀበለ፤ ምን ያድርግ? ደረቱ ላይ አቅፎት ቆመ። ስም ያለበት ጎኑ ወደ ውስጥ ነበር።

ማቪስ እንዳለችው አንገቷን ደፍታ ነበር። ከቀብር መልስ፣ ምግብ ሲቀርብ፣ ከዋኒታ ጎን ተቀመጠች። ሳህኗን ወደ ጎን ገፋ አድርጋ «ያኔ በጓሮ እጁን ሲታጠብ እኔም አይቼዋለሁ» አለቻት። «አልጠየቅኩትም። ወንድሜ ነው፤ መጠየቅ ነበረብኝ።»

*

እሑድ የከተማው የፍሳሽ ክፍል ቃል አቀባይ «እንዲህ ያለ መዝጊያ የለም» አለ። ሰኞ ቴልፎርድና ሦስት ጡረተኞች አንድ ጋዜጠኛ ይዘው ማንሆሉ ላይ ሄደው ቆሙ፤ አንደኛው የጉድጓዱን ጥልቀት፣ ሌላው የብሎኖቹን ብዛት በቃሉ ተናገረ። በማግስቱ ጠዋት ክፍሉ ሌላ መግለጫ አወጣ። እሑድ ያልነበረው መዝጊያ ማክሰኞ ጠዋት የመዝገብ ቁጥር ነበረው፤ «በመመርመር ላይ ነው» ተብሎ።

ማክሰኞ ሎረል ጎዳና የቀብር ልብሱን እንደገና ለበሰ። ሁለት አውቶቡስ ሞልተው ሄዱ። ጥበቃው «ይህ ሁሉ ሰው ለምንድን ነው?» ቢል ማቪስ ነጭ ባርኔጣዋን ቀና አድርጋ «ለቅሶ ላይ ነን» አለችው፤ «አልጨረስንም።» ወንበሩ ሞልቶ ግድግዳውን ተደግፈው ቆሙ። ፔቲስ ከፊት ተቀምጦ ወረቀት ይመለከታል፤ ቀና አላለም።

ጸሐፊዋ ስም መጥራት ጀመረች። ሚስ ኦፓል ሁለት ደቂቃዋን ተናገረች። የመዘምራኗ ሴትዮ ተናገረች፤ ለአራት ዓመት እንግዳ ያላስገባችው። ቴልፎርድ ምርኩዙን ለማቪስ ሰጥቶ ማይክራፎኑን ወደ አፉ ከፍ አደረገ፤ ቀኑን፣ ቦታውን፣ የመሐንዲሱን ቃል፣ የራሱን ዝምታ ተናገረ። ጊዜው ማለቁን የሚያሳየው ቀይ መብራት ሲበራ ገና እየተናገረ ነበር፤ ማንም አላስቆመውም።

ጸሐፊዋ ወደሚቀጥለው መስመር ወረደች። ለመናገር የሚፈልግ ሰው የሚመዘገበው ከሁለት ሳምንት በፊት ነው። ወጣቷ ወረቀቱን አየች፤ ለሦስት ዓመት በየሳምንቱ ስትጠራው የኖረችው ስም ነው።

«ሩፈስ ብራግ» አለች።

ዋኒታ ከወንበሯ ተነስታ በመሐል መተላለፊያው ሄደች።

ማይክራፎኑ ከግንባሯ በላይ ነበር። ቴልፎርድ ረጅም ነው፤ አባቷም እሱን ያክል ነበር። ጸሐፊዋ በእጇ «ዝቅ ማድረግ ይቻላል» የሚል ምልክት ሰጠቻት። ዋኒታ እጇን ዘርግታ የብረቱን አንገት ያዘች። ቀዝቃዛ ነበር። ለትንሽ ጊዜ እንደያዘችው ቆየች።

ከዚያ በአባቷ ቁመት ልክ እንዳለ ተወችው። ቦርሳዋን ወለሉ ላይ አስቀመጠች፣ የጠረጴዛውን ጠርዝ ያዘች፣ በእግሯ ጣቶች ተነስታ ቆመች።